ክንፍ ሠሪው፣ ግሸንና የደሴ ሰማይ

በዚህች በስቴንስል በምትባዛ መጽሔታችን ስለ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ይጻፍ በተባለ ቁጥር አንድ ክርክር ይነሣል። «ተዉት እባካችሁ፣ ይኼ የፈረንጅ ቅዠት ነው» ይባላል። «ፋብሪካ የሞላው፣ ሮኬት የሚያመጥቅ አገር ሰው ቢጽፈው ያምርበታል። እኛ ገና ከሞፈርና ከቀንበር ሳንላቀቅ ስለ ጠፈር መርከብ ብንዘባርቅ ማን ይሰማናል?» ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ሥነ ጽሑፍ ከገዛ አፈሩ መብቀል አለበት ከሚል ቅን አስተሳሰብ የመነጨ ነው። በዚህ ላይ እኛም እንስማማለን። የማንስማማው አፈሩ ውስጥ ምን እንዳለ ሲነገር ነው። የወሎን ታሪክ ትንሽ ጫር ጫር ያደረገ ሰው፣ ይህ የጽሑፍ ዓይነት ከእኛ ደጃፍ ደጋግሞ እንዳለፈ፣ እንዲያውም አንድ ጊዜ ጣራችንን ይዞ እንደ ወደቀ ይረዳል።

ይህች ሐተታ የምታተኩረው በእንግሊዛዊው ደራሲ በኤች. ጂ. ዌልስ አጫጭር ልብ ወለዶች ላይ ነው። ግን ወደ ዌልስ የምንደርሰው በግሸን በኩል ዞረን፣ የምናርፈውም ደሴ ላይ ነው። ስለ ዘመን አቆጣጠሩ፣ የውጭውን እ.ኤ.አ.፣ የአገራችንን ዓ.ም. እያልን ስለምንሄድ አንባቢ አይደናገር።

፩. ጅራታሙ ኮከብ

ደሴ ልደቷን ከሰማይ ጋር አያይዛ የምትተርክ ከተማ ነች። አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አዩ፤ ባዩትም ተደንቀው ቦታውን «ደሴ»፣ ማለትም ደስታዬ፣ አሉት እየተባለ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1882 በፀሐይ ብርሃን ሳይቀር የታየ ታላቅ ጅራታም ኮከብ እንደ ነበረ የሥነ ፈለክ መዛግብት ይመሰክራሉ። ስለዚህ የከተማችን ስም አመጣጥ አፈ ታሪክ ቢሆንም፣ ኮከቡ ግን እውነተኛ ኮከብ ነበር።

ከዚያ 15 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1897፣ ዌልስ «ኮከቡ» የተሰኘች አጭር ልብ ወለድ አወጣ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከፀሐይ ቤተሰብ ውጭ የመጣ አንድ እንግዳ አካል ኔፕቲዩን ከተባለችው ፕላኔት ጋር ይጋጫል። ሁለቱም ተቃጥለው አንድ እሳት ይሆኑና ወደ ፀሐይ ይወድቃሉ፤ መሬት ደግሞ መንገዳቸው አጠገብ ናት። በመጀመሪያ ሰዉ እንደ ጌጥ ያየዋል። ቀጥሎ በረዶው ይቀልጣል፣ ወንዙ ይሞላል፣ ምድር ትናወጣለች፣ ባሕር ከተማ ይበላል። ከሞት የተረፉት በመካከላቸው አዲስ የወንድማማችነት ስሜት ያድርባቸዋል። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ከስብከት ባልተለየ ነበር። ዌልስ ግን በመጨረሻዋ አንቀጽ ወደ ማርስ ይወስደናል። የማርስ ጠበብት በመነጽራቸው መሬትን አይተው፣ በዋልታዎቹ ዙሪያ ያለው ነጭ ቀለም ትንሽ ከመጥበቡ በቀር ይህ ነው የሚባል ጉዳት አልደረሰባትም ብለው ይደመድማሉ።

ያ ሁሉ ሕዝብ አለቀ፤ ከሩቅ ሲታይ ግን ምንም አልሆነም። ይህችን መጨረሻ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ደሴ ስንደርስ ትፈለጋለች።

፪. ግሸን ላይ የተሠራ ክንፍ

ዌልስ ከመጻፉ ከመቶ ዓመታት በፊት፣ በሰማይ የመሄድ ምኞት በእኛም መጻሕፍት ውስጥ ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በግእዝ የተዘጋጀው ክብረ ነገሥት፣ ንጉሥ ሰሎሞን ለንግሥተ ሳባ ከሰጣት ስጦታ መካከል በባሕር የምትሄድ አንዲት፣ በአየር የምትሄድ ሌላ አንዲት መጓጓዣ እንደ ነበረች ይተርካል። ልጇ ምኒልክ ታቦተ ጽዮንን ይዞ ሲመለስም ሰዉና ከብቱ ሠረገላውም ጭምር ከምድር አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብለው እንደ ተጓዙ ይነግረናል። ሆኖም በዚያ ትረካ ሰማይ የጻድቃን መንገድ ነው። ክፉ ሰው ያቺን መጓጓዣ ቢሰርቃትስ ብሎ የሚጠይቅ የለም። መጓጓዣዋ የመጣችው ከተቀባ እጅ ነውና ጥያቄው አልተነሣም።

ጥያቄው የተነሣው በሌላ ሰው ብዕር ነው። ስፍራው ግን የእኛው ነበር።

ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ አምባሰል ውስጥ፣ መስቀልኛ ቅርጽ ያላት ግሸን አለች። ዛሬ የምናውቃት መስከረም 21 ቀን ስፍር ቁጥር የሌለው ምዕመን የሚጎርፍባት የግሸን ማርያም ደብር ሆና ነው። በመካከለኛው ዘመን ደግሞ የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ ተለይተው የሚኖሩባት አምባ ነበረች። የኢማም አሕመድ ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1540 እስኪይዛት ድረስ ይህ ሥርዓት ቆይቷል። በጎንደር ዘመን መሳፍንቱ የሚቀመጡት ወኅኒ በተባለው ሌላ አምባ ቢሆንም፣ አውሮፓን በተረት የሞላው ግን የቀድሞው የአምሐራ ተራራ ዝና ነው። «አምሐራ» ሲባል ያን ጊዜ የሚታሰበው በተለይ ይኸው ዛሬ ደቡብ ወሎ የምንለው የቤተ አምሐራ ምድር ነበር።

ይህ ዝና ከደረሳቸው ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ጆንሰን ኢትዮጵያን በእግሩ አልረገጠም። ግን የመጀመሪያ መጽሐፉ፣ እ.ኤ.አ. በ1735 የታተመው፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን አገራችን የነበረውን የፖርቱጋላዊውን ኢየሱሳዊ ቄስ የጄሮም ሎቦን የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ የመለሰበት ነው። ከ24 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1759፣ እናቱ ሞተችበት። ለቀብሯና ለዕዳዋ የሚሆን ገንዘብ ቢያጣ በአንድ ሳምንት ምሽቶች አንዲት ትንሽ ልብ ወለድ ጽፎ ሸጠ ይባላል። ያቺ መጽሐፍ «ራሴላስ» ናት። ስሟ ከአፄ ሱስንዮስ ወንድም ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ስም የተወሰደ መሆኑን ሊቃውንቱ ያስረዳሉ። ልዑል ራሴላስ በአምሐራ ምድር፣ በተራሮች በታጠረ፣ የብረት በር በተዘጋበት የደስታ ሸለቆ ውስጥ ይኖራል። ጆንሰን አምባውን ገልብጦ ሸለቆ አደረገው እንጂ ቤቱ ያው ግሸን ነው። የልዑሉ መካሪ ባለቅኔው ኢምላክም የጎጃም ሰው ነው።

የመጽሐፉ ስድስተኛ ምዕራፍ ለዛሬው ነገራችን ዋናዋ ናት። በሸለቆው ውስጥ አንድ እጀ ጥበበኛ ሰው አለ፤ ውሃ በመዘውር ወደ ላይ የሚገፋ፣ በጅረት ኃይል ማራገቢያ የሚያዞር። ልዑሉ መውጫ አጥቶ ሲጨነቅ ይህ ሰው ክንፍ እሠራለሁ ይለዋል። ዋና በውሃ ውስጥ መብረር ከሆነ፣ መብረር በአየር ውስጥ ዋና ነው ብሎ ያስረዳዋል። አንድ ዓመት ጠየቀ። ከዚህ ጋር አንድ ውል ጨመረ፦ ምስጢሩ ለማንም አይነገርም፣ ከእኛ ከሁለታችን በቀር ለማንም ክንፍ አልሠራም። ልዑሉ ተገረመ። ለሰው ልጅ የሚጠቅም ነገር ለምን ይደበቃል? ሰውየው ሲመልስ፣ ሰው ሁሉ ደግ ቢሆን ኖሮ ለሁሉም በፍጥነት ባስተማርሁ ነበር፤ ክፉዎች እንዳሻቸው ከሰማይ መውረድ ከቻሉ ግን ለደጎች ምን መጠጊያ ይተርፋቸዋል ይላል። በደመና ውስጥ የሚቀዝፍ ሠራዊት ከመጣ ቅጥርም፣ ተራራም፣ ባሕርም አያድንም። ይህ የመሳፍንት ሸለቆ ራሱ፣ ከደቡብ ባሕር ዳርቻ በሚመጡ ራቁታቸውን በሚሄዱ ሕዝቦች በድንገት ሊወረር ይችላል።

ዓመቱ ደረሰ፣ ክንፉ ተሠራ። ሰውየው ከገደል አፋፍ ዘለለና እዚያው ሐይቁ ውስጥ ተዘፈቀ። በአየር ያልረዳው ክንፍ በውሃ ላይ አንሳፈፈው፤ ልዑሉ ከፍርሃቱና ከኀፍረቱ ጋር ጎትቶ አወጣው። ምዕራፏ በዚህ ታበቃለች።

ይህች ምዕራፍ ሙሉ አጭር ልብ ወለድ ናት። ማሽን አለ፣ የማሽኑ አሠራር በምክንያት ተብራርቷል፣ ማሽኑ ቢሳካ ምን ይመጣል ተብሎ ተጠይቋል። «ሳይንሳዊ ልብ ወለድ» የሚለው መጠሪያ እንኳ በእንግሊዝኛ የተለመደው በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ከ160 ዓመት በላይ ቀድሞ ስለ አየር ጦርነት የተሰጠ ማስጠንቀቂያ፣ በምናብም ቢሆን፣ የተነገረው እኛ ተራራዎች መካከል ነው። ከጣልያን ወረራ በኋላ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ፣ በኦክስፎርድ የተማሩት አቶ ሲራክ ኅሩይ፣ «ራሴላስ»ን ወደ አማርኛ መልሰውታል። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ቤቱ ገባ።

፫. የተማሪ መጽሔት ያወጣው ደራሲ

አሁን ወደ ዌልስ እንምጣ። ኸርበርት ጆርጅ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1866 ተወለደ። አባቱ ትንሽ ሱቅ ነበራቸው፤ እናቱ የሰው ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ልጁ በጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ተለማማጅነት ተቀጥሮ ተንገሸገሸ። ኋላ ነጻ ትምህርት አግኝቶ ለንደን ከሚገኘው የሳይንስ መምህራን ማሠልጠኛ ገባና በታወቀው ባዮሎጂስት በሐክስሌ ሥር ተማረ። እዚያ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር አንድ የተማሪዎች መጽሔት መሠረተ። ኋላ «የጊዜ መኪና» ተብላ እ.ኤ.አ. በ1895 ዓለምን ያስደነቀችው መጽሐፍ ጥንስሷ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1888 በዚያው የተማሪዎች መጽሔት ላይ ነው። ስለዚህ ይህች በእጅ የያዛችኋት ወረቀት ቀለም ብታስነካም አትናቋት!

ዌልስ ሰማንያ ገደማ አጫጭር ልብ ወለዶች ጽፏል፤ አብዛኞቹ ወጣት ሳለ፣ ከ1894 እስከ 1906 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት የወጡ ናቸው። የአጻጻፍ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1933 ለሥራዎቹ ስብስብ በጻፈው መግቢያ ላይ አብራርቶታል። ፍሬ ነገሩ ሲጠቃለል፣ በአንድ ታሪክ አንድ እንግዳ ነገር ብቻ ይበቃል፤ ሌላው ሁሉ አንባቢ የሚያውቀው ተራ ኑሮ ይሁን። ሁሉም ነገር የሚቻልበት ታሪክ ማንንም አያስደንቅም። ሱቁ፣ ባቡሩ፣ ጭቅጭቁ፣ የሻይ ሰዓቱ እንደ ወትሮው ይሁንና በመሃል አንዲት የማትታመን ነገር ትግባ። ከዚያ በኋላ ደራሲው በሐቀኝነት ይከተላት።

ከእነዚህ ሥራዎች መካከል ሦስቱን ብቻ እንይ፤ ሦስቱም የክንፍ ሠሪውን ጥያቄ የሚቀጥሉ ናቸው።

የመጀመሪያዋ «ፊልመር» ናት (1901 እ.ኤ.አ.)። ፊልመር ዓይን አፋር፣ ማንም የማያውቀው ሳይንቲስት ነው። የበረራን ምስጢር ይፈታል፤ ጋዜጣው፣ ሀብታሙ፣ ወይዛዝርቱ ሁሉ ይከቡታል። ችግሩ ሰውየው ከፍታ ይፈራል። ማሽኑን የሠራው እርሱ ነውና እርሱ ይብረር የሚለው ነገር እንደ ግዴታ ተቆጠረበት። ሕዝብ ተሰብስቦ በሚጠብቅበት ጠዋት ራሱን ገደለ። ማሽኑ ግን ቀረ? አልቀረም፤ ረዳቱ ይዞት በረረ። የጆንሰን ሰው ምስጢሩን በመደበቅ ክፉን እከላከላለሁ ብሎ ነበር። ዌልስ የሚነግረን ሠሪው ቢፈራም፣ ቢሞትም፣ አንዴ የታወቀ ነገር ወደ ኋላ እንደማይመለስ ነው።

ሁለተኛዋ «የአርማጌዶን ሕልም» ትባላለች (1901 እ.ኤ.አ.)። በባቡር ውስጥ አንድ የገረጣ መንገደኛ ለባልንጀራው ሕልሙን ይነግረዋል። በሕልሙ በወደፊት ዘመን ይኖራል፤ ታላቅ የፖለቲካ ሰው ነበር፣ ሁሉን ትቶ ከሚወዳት ሴት ጋር በካፕሪ ደሴት ተቀመጠ። በሌለበት አገሩን የያዘው ሰው ጦርነት ይጭራል። አንድ ቀን በባሕሩ ወሽመጥ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ እነርሱ የጦር አይሮፕላኖች ናቸው። በጦርነት ተሞክረው የማያውቁ ናቸውና ምን እንደሚያደርጉ ማንም አያውቅም። ሁለቱ ፍቅረኞች ሲሸሹ ሴቲቱ በጥይት ትሞታለች፣ እርሱም ይገደላል። ይህ ሲጻፍ የራይት ወንድማማቾች ገና ሁለት ዓመት ይቀራቸው ነበር። ልብ በሉ፣ የሕልሙ ምድር ጣልያን ነው። ታሪክ ደግሞ የራሱ ቀልድ አለው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 1 ቀን 1911 እ.ኤ.አ.፣ ከአይሮፕላን ላይ ቦምብ በመወርወር የመጀመሪያ የሆነው ጁሊዮ ጋቮቲ የተባለ የጣልያን መኮንን ነው። የወረወረውም ሊቢያ ላይ፣ በእኛው በአፍሪካ ምድር ነው።

ሦስተኛዋ «የምድር ብረት ለበሶች» ናት። የታተመችው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1903 ዘ ስትራንድ በተባለው መጽሔት ሲሆን፣ የራይት ወንድማማቾች የበረሩትም በዚያው ወር ነው። ሁለት ሠራዊቶች ምሽግ ቆፍረው ተፋጠዋል። ተከላካዮቹ የገጠር ልጆች፣ ፈረሰኞችና ተኳሾች ናቸው፤ በጉልበታቸውና በወኔያቸው ይኮራሉ። አጥቂዎቹን «የከተማ ጸሐፊዎች» እያሉ ይንቋቸዋል። አንድ ሌሊት ግን እንደ መርከብ የገዘፉ ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎች ቦዩን እየተሻገሩ መጡ። ውስጣቸው የተቀመጡት ወጣት መሐንዲሶች አይቆጡም፣ አይፎክሩም፤ ቢሮ ውስጥ እንዳለ ሰው ረጋ ብለው እያነጣጠሩ ቁልፍ ይጫናሉ። ጠዋት ላይ ጦርነቱ አልቋል። ታንክ በእውነቱ ጦር ሜዳ ላይ የታየው ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1916 እ.ኤ.አ. ነው።

ዌልስ ይህን ታሪክ የሚያሳየን ከተከላካዮቹ ጋር ባለ አንድ የጦርነት ጋዜጠኛ ዓይን ነው። ጋዜጠኛው ለወኔያሞቹ ያዝናል፤ ሆኖም ልቡ ከመሐንዲሶቹ ብልጠት አይርቅም። መሐንዲሶቹ ደግሞ ተሸናፊዎቹን በንቀትና በግማሽ ርኅራኄ ያዩዋቸዋል። የለንደን አንባቢ ታሪኩን አንብቦ «እንግዲህ ማሽን እንሥራ» ሳይል አይቀርም። እኛ ግን የምናነበው ከሌላኛው ምሽግ ሆነን ነው። በዚያ ታሪክ የፈረሰኞቹ የልጅ ልጆች እኛ ነን።

፬. ኅዳር 26

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. (ታኅሣሥ 6 ቀን 1935 እ.ኤ.አ.) ዕለቱ አርብ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ዘመቻውን ለመምራት ደሴ ከገቡ ቀናት ብቻ ተቆጥረዋል። የጣልያን አይሮፕላኖች መጡና ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ። ቦምቦቹ ብዙዎቹ ተቀጣጣይ ነበሩ፤ ቤቶች ነደዱ። የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታልና የቀይ መስቀል ድንኳኖች ሳይቀሩ ተመቱ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ሲያነጣጥሩ የሚያሳየው ፎቶግራፍ በዓለም ዞሯል። የውጭ አገር ጋዜጠኞችም በቦታው ስለ ነበሩ ወሬው ፈጥኖ ተሰማ፤ ከመሰማት ግን አላለፈም። ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ደሴ ገባ። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ፣ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት፣ አይሮፕላኖች የመርዝ ጋዝ እንደ ዝናብ ያርከፈክፉ እንደ ነበር ተናገሩ።

ከ«ራሴላስ» እስከዚያች አርብ 176 ዓመት ነው። ክንፍ ሠሪው የፈራው ነገር ሁሉ ደረሰ፤ ቅጥርም፣ ተራራም፣ ባሕርም አላዳነም። ጦሳ ያህል ተራራ ከጀርባ ቆሞ ምንም አልጠቀመም። ጆንሰን የሳተው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሰማይ ይወርዳሉ ብሎ ያሰባቸው ከደቡብ ባሕር የሚመጡ ራቁታቸውን የሚሄዱትን ነበር። የወረዱት ግን ከአውሮፓ የመጡ፣ በሚገባ የለበሱ፣ ሥልጣኔ እናመጣላችኋለን የሚሉ ነበሩ።

ከእነዚህ አብራሪዎች መካከል አንዱ የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ትዝታውን በመጽሐፍ አወጣ። ርዕሱ በእኛው ቃል የተሰየመ ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በአምባዎች ላይ በረራ» እንደ ማለት ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ በፈረሰኞች መካከል የፈነዳን ቦምብ ከሚፈካ ጽጌረዳ ጋር አመሳስሎ፣ ነገሩ እንዳዝናናው ይተርካል። እንግዲህ የማርስ ጠበብትን አስታውሱ። ከላይ ሲታይ አበባ፤ ከታች ሲታይ ፈረሱና ጋላቢው፣ ኮርቻው፣ ቤት የምትጠብቀው ሚስቱ። ዌልስ በ1897 በምናቡ ያየውን የርቀት ጭካኔ፣ ቪቶሪዮ ከ40 ዓመት በኋላ ያለ ምንም ምናብ ጻፈው።

በዚያው ዘመን ሌላም ነገር ይሠራ ነበር። አዲስ አበባ ላይ በጀርመናዊው መሐንዲስ በሉድቪግ ዌበር መሪነት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራች አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ተገጣጥማ በ1928 ዓ.ም. በረረች። ወራሪው አገሩ ወስዶ ሙዚየም አስገባት፤ የተመለሰችው በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ነው። የእኛም ክንፍ ነበረን ማለት ነው። አንዲቱ ክንፍ ሳትጠነክር ሌላው ክንፍ ላያችን ላይ አረፈ።

፭. ከታች የሚታየው

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ክርክር እንመለስ። «የፈረንጅ ቅዠት ነው» የሚለው ወንድማችን በከፊል እውነት አለው። የሰማይን ታሪክ እስካሁን የጻፉት ከላይ ያሉት ናቸው። ጆንሰን ጥያቄውን አነሣ፣ ግን ሸለቆውን አያውቀውም። ዌልስ መልሱን አሳየ፣ ግን የሚኖረው ማሽኑ በሚሠራበት አገር ነው። ቪቶሪዮ ያየው አበባውን ነው። ከሥር ሆኖ ቀና ብሎ ያየው ሰው የጻፈው ልብ ወለድ የት አለ?

የአማርኛ አጭር ልብ ወለድ ዕድሜው አጭር ነው። ብዙ ጊዜ እንደ መጀመሪያ የሚጠቀሰው የተመስገን ገብሬ «የጉለሌው ሰካራም» ከነጻነት በኋላ፣ በ1941 ዓ.ም. የወጣ ነው። የታደሰ ሊበን «መስከረም» በ1949፣ «ሌላው መንገድ» በ1952 ዓ.ም. ተከተሉ። መንገዱ ከጥንቱ የእውናዊነት መንገድ ነው፦ መንደር፣ ትዳር፣ ቢሮ፣ መጠጥ ቤት። መልካም አድርገው ሠርተውታል። ወደ ሳይንስ ምናብ በድፍረት የተጠጋውና ብዙ አንባቢ ያገኘው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» የወጣው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ሲሆን፣ እርሱም ረጅም ልብ ወለድ ነው። አጭሩ ሜዳ ገና አልታረሰም ብንል ማጋነን አይሆንም።

የዌልስ ሕግ ደግሞ ለእኛ እንደ ልክ የተሰፋ ልብስ ነው። አንድ እንግዳ ነገር ብቻ፣ ሌላው ሁሉ የምናውቀው ኑሮ። ላቦራቶሪ አይጠይቅም፣ ሮኬት አይጠይቅም። ምሳሌ እንስጥ። ያ ቦምብ የወረደው አርብ ነው። ሰኞ ቢሆንስ? ስሙ እንደሚናገረው ሰኞ ገበያ ሰኞ ነው። ከአምባሰል ማር፣ ከኩታበር እህል፣ ከቃሉ በርበሬ የጫነ፣ በርኖስና ባና ትከሻው ላይ የደረበ፣ አህያው ከሰው አህያ ጋር የተላተመበት፣ በሂሳብ የተጣላ፣ የዘመድ ለቅሶ የሚጠያየቅ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ሜዳ ላይ ቆሞ ሳለ አንድ ልጅ ቀና ብሎ «እማ፣ ያ ምንድን ነው?» ቢልስ? ታሪኩ በአንዲት ቀን ለውጥ ብቻ ተጀመረ። የቀረው ሁሉ እናቶቻችን የሚያውቁት ገበያ ነው።

ሌላም እንጨምር። ክንፍ ሠሪው በሐይቁ ውስጥ ከተዘፈቀ በኋላ ምን ሆነ? ጆንሰን አልነገረንም። ያ ሰው አምባሰል ውስጥ ዘር ቢተካ፣ የልጅ ልጁ ዛሬ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መካኒካል ምሕንድስና ቢማር፣ የአያቱን ንድፍ በብራና ላይ ቢያገኝና ቢሳካለት፣ አያቱ ያስገባውን ውል ይጠብቃል ወይስ ያፈርሳል? ለማን ያሳያል? ማን ይገዛዋል? ከሐረጎ ጠመዝማዛ በታች ያላችሁ የምሕንድስና ተማሪዎች ይህን ታሪክ ከእኛ ከቋንቋ ተማሪዎቹ ይልቅ እናንተ ልትጽፉት ትችላላችሁ። የማሽኑን አሠራር ታውቁታላችሁና አንባቢን በምክንያት ታሳምኑታላችሁ። ፊልመርን የጻፈው ሰው እኮ ባዮሎጂ የተማረ ነበር።

ነገሩ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ መስሎ እንዳይታይ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ያዩትን ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም። በዘመናችን ሰው አልባ አይሮፕላን በብዙ አገር ሰማይ ላይ ይዞራል፤ ቁልፉን የሚጫነው ሰው ከስክሪን ፊት ተቀምጧል፤ የሚያየውም ልክ እንደ ማርስ ጠበብት ነጥብ ነው። ክንፍ ሠሪው የጠየቀው ጥያቄ አልሞተም፤ ሌላ ስምና ሌላ ሞተር ይዞ ቀጥሏል። ማሽኑ የሚሠራበት አገር ሰው ስለ ማሽኑ ይጽፋል። ከታች ያለው ሰው ከአደጋው በኋላ ሙሾ ብቻ አውርዶ ዝም ካለ፣ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚሰጠን ዕድል ሙሾው ከመድረሱ በፊት መናገር ነው። ሆስፒታሉን፣ ገበያውን፣ አህያውን፣ «እማ፣ ያ ምንድን ነው?» ያለውን ልጅ ከላይ ላለው ሰው ስም አውጥቶ ማሳየት ነው።

በዚያች አርብ የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ በሕይወት ቢገኝ መቶውን ይጠጋል። የነገሩት ነገር ግን በልጆቻቸውና በልጅ ልጆቻቸው ዘንድ አለ። ለዕረፍት ቤት የምትሄዱ ሁሉ፣ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ አንዲት ጥያቄ ጣል አድርጉ፦ ጣልያን ቦምብ ሲጥል የእኛ ሰዎች የት ነበሩ? ማን ምን ይዞ ሸሸ? ዋሻ ነው ጫካ? ተመልሰው ሲመጡ መጀመሪያ የፈለጉት ምንን ነው? መልሱን በትኩሱ ጻፉት። ከዚያ በኋላ አንዲት እንግዳ ነገር ብቻ ጨምሩበት።

ለሚቀጥለው ቅጽ ከአምስት ገጽ ያልበለጡ አጫጭር ሳይንሳዊ ልብ ወለዶችን እንቀበላለን። በእጅ የተጻፈም ይሁን የተተየበ ግድ የለንም፤ በወረቀቱ በአንድ ወገን ብቻ ይጻፍልን። ስቴንስሉን የምንቆርጠው ሁሉንም አንብበን ነው።